የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የዓረብ ሴቶች እድገት የት ላይ ይቆማል?

የዛሬዎቹ ሦስት ጥያቄዎች ከባሕረ ሰላጤው አገራት የተደወሉ ናቸው። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አድማጭ ከሪያድ፦ አባቴ ሳዑዲ ነው፣ እናቴ ኢትዮጵያዊት። ባንክ ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊ ነኝ። የሥራ ግምገማዬ ሁሌም ከፍተኛ ነው፤ ከዚህ በላይ ግን ንቅንቅ የለም። ከእኔ በኋላ የገቡ ወንዶች አለፉኝ። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ የጎደለሽ ችሎታ አይመስለኝም። የተመደብሽበት ክፍል ነው የያዘሽ።

ሳዑዲ ውስጥ ሕጉ ብዙ ተለውጧል። በ2019 ዕድሜዋ ከ21 በላይ የሆነ ሴት ያለ ወንድ ፈቃድ ፓስፖርት እንድታወጣና እንድትጓዝ ተፈቀደ። የሴቶችን የሥራ ተሳትፎ በ2030 ወደ 30 በመቶ ለማድረስ ታቅዶ ነበር፤ ከቀጠሮው ብዙ ቀድሞ ታለፈ። አሁን መቀጠሩ ቀሏል። የሚከብደው ከመካከለኛ ኃላፊነት በላይ መውጣት ነው።

ምክንያቱም ሴቶች ሲያድጉ ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው የሰው ኃይል ወይም የሕዝብ ግንኙነት ነው። የተከበረ ሥራ ነው። ነገር ግን ዋና ሥራ አስፈፃሚ ሲመረጥ ቦርዱ የሚጠይቀው “ምን ያህል ገቢ አመጣች?” ብሎ ነው። ሳራ አል ሱሐይሚን ተመልከቺ። ያደገችው በኢንቨስትመንት ሥራ ነው። በ2014 ኤንሲቢ ካፒታል የተባለው የኢንቨስትመንት ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈፃሚ ሆነች። በ2017 ደግሞ የሳዑዲ የአክሲዮን ገበያ የታዳውል ቦርድ ሰብሳቢ፤ ከሴት የመጀመሪያዋ።

ስለዚህ ለአለቃሽ “እድገት እፈልጋለሁ” ብቻ አትበዪ። ቦታውን በስሙ ጥሪው። “የአነስተኛ ንግድ ብድር ክፍል ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ። ምን ውጤት ባሳይ ለኃላፊነቱ ታጩኛላችሁ?” በይ። የተነጋገራችሁትን በዚያው ቀን በኢሜይል ላኪለት፣ ኋላ ላይ እንዳይረሳ። በደረጃ አንድ እርከን ዝቅ የሚያደርግሽ ቢሆን እንኳ እኔ ሂጂበት እላለሁ። ሌላው፣ አንቺ በሌለሽበት ስብሰባ ስምሽን አንስቶ የሚከራከርልሽ ሰው ያስፈልግሻል። መካሪማ ሞልቷል።

አድማጭ ከኩዌት፦ ልጄ ኩዌታዊት ናት፣ መሐንዲስ። ወንዶቹ ማታ ዲዋኒያ (የወንዶች የምሽት መሰብሰቢያ) ተቀምጠው ነገሩን ይጨርሱታል፤ ጠዋት ቢሮ ስትገባ ያለቀ ውሳኔ ይጠብቃታል። ምን ታድርግ?

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ እውነቷን ነው። ዲዋኒያ የሻይ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጉዳይ የሚቋጨው እዚያ ነው። በ2009 ያለ ምንም ኮታ አራት ሴቶች የኩዌት ፓርላማ ሲገቡ፣ እስከ ዲዋኒያ ድረስ ሄደው ድምፅ የጠየቁ ሴት ዕጩዎች ነበሩ። ግን መሐንዲስ በየማታው እዚያ ማምሸት የለባትም። ከስብሰባው ሁለት ቀን በፊት ወሳኞቹን ሁለት ሦስት ሰዎች በቀን ታናግራቸው። ሐሳቧን በአንድ ገጽ ጽፋ ታድርሳቸው። ማታ ሲያወሩ የእሷ ወረቀት በእጃቸው ይኑር። ከዚያ ውሳኔው ከነምክንያቱ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍር ትጠይቅ።

አድማጭ ከአቡ ዳቢ፦ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ማዳም በቅርቡ ትልቅ ኃላፊነት አገኘች። ጥሩ ሰው ናት፣ ደስ ብሎኛል። ግን አሁን እያመሸች ነው የምትገባው። እሷ እስክትመጣ ልጆቹን ይዤ እቆያለሁ፤ ጠዋት 11 ሰዓት ደግሞ እነሳለሁ። ምን ልበላት?

መልስ፦ ስለ ሴቶች አመራር የምናወራ ሰዎች ይህን ጥያቄ እየዘለልነው ነው፤ ያሳዝነኛል። የማዳምሽ እድገት ያለ አንቺ ድካም አይሆንም ነበር፣ እህቴ።

የኤሚሬትስ የ2022 የቤት ሠራተኞች ሕግ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት እረፍት ይሰጥሻል፤ ከዚህ ውስጥ 8ቱ ሳይቆራረጥ። በሳምንት አንድ የእረፍት ቀንም አለሽ። መታወቂያና ፓስፖርትሽም በእጅሽ መሆን አለበት።

ደክሟት ስትገባ አታንሺባት። የእረፍት ቀኗን ጠብቂ። “ማዳም፣ እንኳን ደስ አለሽ። ሥራሽ ሲጨምር የእኔም ጨምሯል፤ ሰዓቱን አብረን እናስተካክለው” በያት። የምትተኚበትንና የምትነሽበትን ሰዓት ለአንድ ሳምንት ጻፊና አሳያት። ምሽቱን የሚያግዝ ሌላ ሰው መቅጠር ወይም አባትየው ልጆቹን ማስተኛት ይችላል። ተጨማሪ ብር ብቻ ብትሰጥሽ እንቅልፍሽን አይተካም። እምቢ ካለች ቅሬታ የሚቀበለው የሰው ሀብትና ኤሚሬታይዜሽን ሚኒስቴር ነው፤ የጻፍሽውን ወረቀትና የኮንትራትሽን ቅጂ ይዘሽ ሂጂ።