14 ጊዜ የተጻፈች አንዲት ሩል

እሺ... እየቀዳ ነው። ፋኑን አላጠፋሁትም። ድሬ ላይ በዚህ ሰዓት ፋን አጥፋ የሚለኝ ሰው ጠላቴ ነው፤ ለምዳችሁታል።

ያ ልጅ ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። ማክሰኞ ከዚራ ቢሮ ነን። ከአንድ ኔትወርክ ወደ ሰርቨሩ በፖርት 22 (ከርቀት መግቢያው በር) የምታስገባዋን የፋየርዎል ሩል፣ ማለት ለሰርቨሩ በረኛ የተሰጠችውን አንዷን ትእዛዝ፣ አነሳሁና «ጠፋች» አልኩ። እሱ ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሮ «አሁንም ያስገባል» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«የቅድሙ ኮኔክሽን ነው፤ ዘግተህ ሞክር።»

ዘጋ። ሞከረ። «አቦ፣ ያስገባል እኮ!»

አንገቴን ዞር አድርጌ ስክሪኑን ባየው ምን ነበረበት? እኔ ግን ሻዬን አማስላለሁ። ስኳሩ ሟሙቶ አልቋል፤ አማስላለሁ። «ፋየርዎል አይዋሽም» አልኩት። ሰው ፊት። ልጁ ላፕቶፑን ከደነው።

ፋየርዎሉስ እውነትም አልዋሸም። ጉዱ የኔ ስክሪፕት ነው፤ በራሱ የሚሮጥ የትእዛዝ ፋይል። ማሽኑ ሲነሳ የተቀመጡትን ሩሎች ይጭናል፣ የኔዋን ይፈልጋል፣ ካጣት ጨምሮ መልሶ ያስቀምጣል። የኔትወርኩን አድራሻ እኔ የጻፍኩት 10.4.0.7/16 ብዬ ነው። አይፒቴብልስ (የሊኑክስ ፋየርዎል ማዘዣው) ግን /16 ካልከው የመጀመሪያዎቹን 16 ቢት፣ ማለት 10.4ን፣ ብቻ ይዞ 10.4.0.0/16 አድርጎ ያስቀምጣታል። ስክሪፕቴ ደግሞ ፊደል ለፊደል ነው የሚያነጻጽረው። «የለችም» ይልና ይጨምራል። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር! 14 ደርሳለች። የማጥፊያው ትእዛዝ ደግሞ መጀመሪያ ያገኛትን አንዷን ብቻ ነው የሚያነሳው። 13ቱ በር ከፍተው ቁጭ ብለዋል።

አክስቴም የዕድር መዝገብ ላይ በክርስትና ስሟና በቤት ስሟ ሁለቴ ተጽፋ ስንት ጊዜ... ይሄን ነግሬያችኋለሁ መሰለኝ። ተዉት።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው። ጽሑፉን ማነጻጸር ትቶ ራሱን አይፒቴብልስን «ይቺ አለች ወይ?» ብሎ መጠየቅ። ማይነስ ሲ (-C) የምትባለው የትእዛዙ አማራጭ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ያለ ነገር እኮ ነው! የሚያነጻጽረው እሱ እንደሚረዳት ነው፣ እኔ እንደጻፍኳት አይደለም።

ለአለቃዬ «ተስተካክሏል» አልኩ። ማን እንዳገኘው አልተጠየቅኩም። አልተናገርኩምም። ልናገር ነበር... አይ፣ አልነበረም።

ትናንት ልጁ ሻይ ይዞልኝ መጣ። «ስኳሩን አማስዬልሃለሁ» አለኝ። ሳቅኩ። ቀልዶ ነው መሰለኝ። እዚህ ሰው ሲያዝንብህም ይቀልዳል፤ በምን ትለየዋለህ? ዛሬ ምሳ ሰዓት ልጠራው ብዬ...

ቆይ። ፋኑ ቆመ። መብራት ሄደ እንዴ?