ዳኛ የሌላቸው ሦስት መሰናክሎች
በጎንደር ለመሰናክል ሩጫ ተወዳዳሪዎች በውድድሩ ዋዜማ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ።

ተወዳዳሪዎች፣ አሰልጣኞች፣ ነገ በየመሰናክሉ የምትቆሙ ዳኞችና በጎ ፈቃደኞች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፤ ሥራችሁን ትታችሁ ስለተገኛችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ከአዘዞ፣ ከማራኪ፣ ከፒያሳ የመጣችሁ አላችሁ። ከደባርቅ የመጣችሁት ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ነው። መንገዱ አድክሟችኋል። ቢሆንም ይህችን ምሽት ለደንቡ ስጡልኝ። ነገ መነሻው ላይ ቆመን ደንብ ብናነብ ማንም አይሰማንም። ያኔ ሁሉም የሚሰማው የራሱን የልብ ምት ነው።

በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ነገ 14 መሰናክሎች አሉን። ዳኞቻችን ግን 11 ናቸው። ስለዚህ ሦስት መሰናክሎች ላይ የሚያያችሁ ሰው አይኖርም። የትኞቹ እንደሆኑም እነግራችኋለሁ። አንዱ ከገመድ መረብ ሥር በደረት የምትሳቡበት ነው። ሌላው የአሸዋ ከረጢት ተሸክማችሁ ዛፉን የምትዞሩበት ነው። ሦስተኛው ከወንዙ ማዶ ያለው ዝቅተኛ የእንጨት ግድግዳ ነው።

ስናዘጋጅ "ይህንንማ አትንገራቸው" ያለኝ ወዳጅ ነበር። አስቤበታለሁ። ግን ይህ ስፖርት የቆመው ሯጩን በማመን ላይ ነው። ለናንተ ያልነገርኳችሁን ነገር ይዤ ስለ ታማኝነት ላወራችሁ አልችልም።

አብዛኞቻችሁ መሰናክል ሲባል ትዝ የሚላችሁ የ3 ሺህ ሜትሩ ነው። የእኛው ለሜቻ ግርማ እ.ኤ.አ. በ2023 ፓሪስ ላይ በ7 ደቂቃ ከ52.11 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ያስመዘገበበት። እዚያ 28 ጊዜ ደረቁ መሰናክል፣ 7 ጊዜ ደግሞ ውሃው ይዘለላል። ግን ሁሉም በስታዲየም ውስጥ ነው። ዳኛ አለ፣ ካሜራ አለ። አንድ እግር ከመሰናክሉ ውጭ ቢያልፍ ይታያል። የእኛ ሩጫ ዳገት ላይ ነው፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው፣ ጭቃ ውስጥ ነው። ይህ ስፖርት እ.ኤ.አ. በ1987 እንግሊዝ አገር "ታፍ ጋይ" በሚባል ውድድር ሲጀመርም እንዲሁ በገጠር ማሳ ላይ ነበር። ዛሬ በጣም አድጓል። በሎስ አንጀለስ 2028 ኦሊምፒክ ዘመናዊ ፔንታትሎን በሚባለው የአምስት ስፖርቶች ውድድር ውስጥ የፈረስ ግልቢያው ቀርቶ በምትኩ መሰናክል ይገባል። እንግዲህ ከእናንተ መካከል ታናናሾቹ የሚያድጉት ከስፖርቱ ጋር አብረው ነው።

ወደ አምባሩ ልምጣ። ዛሬ ማታ እያንዳንዳችሁ የጨርቅ አምባር በእጃችሁ ይታሰርላችኋል። ይህን አሠራር በዚህ ስፖርት የዓለም ሻምፒዮና ላይም ይጠቀሙበታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። መሰናክሉን ካለፋችሁ አምባሩ ይቀጥላል። ካቃታችሁ እንደገና ትሞክራላችሁ። ሁለቴ፣ አምስቴ፣ አሥሬም ይሁን፤ ሰዓቱ እየሄደ መሞከር ይቻላል። በቃኝ ካላችሁ አምባሩን ትሰጣላችሁ። ሩጫችሁን ግን ትቀጥላላችሁ። መጨረሻው መስመር ላይ ስማችሁ ይጠራል፣ ሰዓታችሁ ይመዘገባል፤ ደረጃ ውስጥ ግን አትገቡም።

ሌሎች ውድድሮች ሌላ መንገድ አላቸው። "ስፓርታን" በሚባለው ለብዙ ዓመታት አንድ መሰናክል ያቃተው ሰው 30 በርፒ ይሠራ ነበር። መሬት ተኝቶ፣ ተነሥቶ፣ ዘሎ፣ ሠላሳ ጊዜ። አንዳንዱ ቦታ ተጨማሪ ዙር ያስሮጣሉ። እኔ አምባሩን የመረጥኩት ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በርፒ ሲሠራ ቆጣሪ ያስፈልገዋል። ሃያ ሰባት ሠርቶ ሠላሳ ነው የሚል ሁሌም አይጠፋም። አምባር ግን ወይ አለ ወይ የለም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ድሮ በአገራችን ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ቁራኛ ይባላል። አስቡት፤ ጨርቅ እኮ ነው። አንድ ጎበዝ ቢጎትተው ይበጠሳል። ግን አይበጥሱትም ነበር። "በሕግ አምላክ" የተባለ ሰውም ባለበት ይቆም ነበር። ፖሊስ የለ፣ ካቴና የለ። ነገ በእጃችሁ የምታስሩት ጨርቅም እንደዚያ ነው። እናንተና ደንቡ በአንድ ቋጠሮ ተቋጥራችሁ ትሮጣላችሁ።

አሁን "ማለፍ" ማለት ምን እንደሆነ በደንብ ስሙኝ። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ተንጠልጥሎ የሚታለፈው ብረት ላይ መጨረሻ የተሰቀለውን ደወል በእጃችሁ መምታት አለባችሁ። በእግር አይቻልም። ከደወሉ በፊት እግራችሁ መሬት ከነካ አልሆነም ማለት ነው፤ በጣት ጫፍም ቢሆን። የቆመውን የብረት ምሰሶ መያዝ፣ በእግር መግፋት አይፈቀድም። ገመዱ ላይም ደወሉን መትታችሁ፣ በእጃችሁ ይዛችሁ በቀስታ ውረዱ። መዳፉን የላጠ ልጅ ቀጣዩን ብረት አይጨብጥም። ከፍተኛው ግድግዳ በላዩ ነው የሚታለፈው፤ የጎን ጠርዙን ይዞ መውጣት አይቆጠርም። ከረጢቱ ትከሻ ላይም እቅፍ ውስጥም ሊሆን ይችላል። አርፎ መሸከምም ይቻላል። መሬት ላይ መጎተት ግን የለም። ሁለተኛ የሚሞክር ሰው ገና ለሚመጣው ቦታ ይልቀቅ። ወደ ኋላ ተመልሶ ተራ ይያዝ።

ዳኞች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ያላያችሁትን አትፍረዱ። "ሳይነካ አይቀርም" ብሎ ፍርድ የለም። ያያችሁትን ደግሞ የአክስታችሁ ልጅም ቢሆን ፍረዱ። አክርራችሁ መጮህ አያስፈልግም። እጃችሁን ዘርጉና "አምባሩን ስጠኝ፣ አምባሩን ስጪኝ" በሉ። በቂ ነው።

ሳይታሰብ የተጣሰ ደንብም ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የቪየና ማራቶንን ደራራ ሁሪሳ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ከዚያ ጫማው ተለካ። የተፈቀደው የሶል ውፍረት 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእሱ 50 ነበር። ውጤቱ ተሰረዘ። 42 ኪሎ ሜትር በገዛ እግሩ ሮጦ ነው ይህ የደረሰበት። ሳስበው አሁንም ያመኛል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ጫማችሁን አሳዩን። የብረት ጥርስ ያለው ጫማ አንቀበልም፤ መረብ ውስጥ ከኋላ ያለውን ሰው ፊት ይቆርጣል። የደረት ቁጥር መቀያየር ክልክል ነው። ከ18 ዓመት በታች ምድብ ውስጥ ዕድሜ ቀንሶ መግባትም ክልክል ነው። ወላጆች፣ ይህን በተለይ ለእናንተ ነው የምለው። ልጁ ብቻውን አይዋሽም።

ስለ መረዳዳት ብዙ ጥያቄ መጥቶልኛል። "እኛ ጎንደሬዎች የወደቀ ሰው አይተን እንዴት እናልፋለን?" ያለኝ ልጅ አለ። እውነቱን ነው። ምድቦቹን ለይቼ ልመልስለት። ለደረጃ የምትሮጡት፣ መሰናክል ላይ ማንም ሊገፋችሁ፣ ሊስባችሁ፣ ትከሻውን ሊሰጣችሁ አይችልም። ውሃም ከዘመድ አትቀበሉም፤ ከተዘጋጀው ጠረጴዛ ብቻ። ባጃጅ ወይም ሞተር ይዞ ጎን ለጎን እየሄደ ፍጥነት የሚያስጠብቅ ጓደኛ ካያችሁ አሰናብቱት፤ አለበለዚያ ውጤታችሁ ይሰረዛል። ለደረጃ ሳይሆን ለመጨረስ የምትሮጡት ግን ተረዳዱ። ተሸካከሙ። ለዚያ ነው ምድቡ የተለየው። አንድ ነገር ብቻ፤ እህቶቻችንን ግድግዳ ለማሻገር የምትፈልጉ ወንዶች መጀመሪያ ጠይቁ። እሺ ካላለች እጃችሁን ሰብስቡ። ሻሽ አድርጋ፣ ረጅም ሱሪ ለብሳ የምትሮጥ ሴት ላይ አስተያየት የሚሰጥ ተመልካች ካለም በጎ ፈቃደኞቻችን ከቦታው ያስወጡታል።

ጉዳት ሲሆን ግን ምድብ የለም። ሰው ወድቆ ካልተነሳ፣ ራሱን ካመመው፣ ደም ካያችሁ፣ ቁሙ። ሁለት እጃችሁን ወደ ላይ አንሡ፣ ለኋለኛው ንገሩ፣ ሐኪም እስኪደርስ አትሂዱ። የቆማችሁበትን ደቂቃ ዳኞቹ ከሰዓታችሁ ይቀንሱላችኋል። አይቶ ያለፈ ሰው አንደኛም ቢወጣ ከውድድሩ ውጭ ነው። እዚህ ላይ ይግባኝ አልሰማም።

በቃል ማበርታት ደግሞ ለሁሉም የተፈቀደ ነው። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ2009 ኒውዮርክ ማራቶን ላይ እንግሊዛዊቷ ሯጭ ፓውላ ራድክሊፍ ስትዳከም ዞር ብላ "ነይ" እያለች አበርትታታለች። በ37 ዓመቷም ውድድሩን ራሷ አሸንፋለች።

ስለ መድኃኒት በአጭሩ። ነገ ሽንት የሚመረምር የለም። ግን ከእናንተ መካከል ወደ ትልቁ ውድድር የሚሄድ አለ። ልማዱ የሚያዘው እዚህ ነው። ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ከጥር ወር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውድድር ጊዜ ክልክል ሆኗል። ፋርማሲ ስትገቡ ሯጭ መሆናችሁን ተናገሩ። ጫት ውስጥም ካቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። በውድድር ጊዜ በሽንት ውስጥ ከተወሰነ መጠን ካለፈ እንደ አበረታች ይቆጠራል። "እኔ ጫት እንጂ ዶፒንግ አልወሰድኩም" ማለት አያድንም።

አንድ የሚያሳዝነኝን ነገር ልናገር። ሰሞኑን ለግድግዳው ልምምድ ብለው የፋሲል ግቢን አጥር ሲወጡ የታዩ ልጆች አሉ። የፋሲል መዋኛ ዙሪያም ግንቡን ባቀፈው የዛፍ ሥር የተንጠለጠሉ አሉ። ልጆች፣ ይህ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። በኖራ የተያያዘ ድንጋይ ነው፤ ከአንዲት ጠጠር መውደቅ ነው መፍረስ የሚጀምረው። ከዛሬ በኋላ እዚያ ሲወጣ የታየ ተወዳዳሪ አይሮጥም። ልምምድ ከፈለጋችሁ የእንጨቱ ግድግዳ እሑድና ረቡዕ ክፍት ነው፤ እኔ ራሴ እገኛለሁ። ሩጫው የሚያልፍበት ማሳም የሰው እህል ነው፤ ከምልክቱ አትውጡ። ሃይላንድ የሚጥል ሰውም አምባሩን ይሰጣል።

ቅሬታ ያለው ሰው ውጤት ከተለጠፈ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ በጽሑፍ ያቅርብ። ሦስት ሰዎች ይሰሙታል። ከሦስቱ አንዱም የተወዳዳሪ ዘመድ ወይም አሰልጣኝ አይደለም። "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች" ይባል የለ። ጭብጧችሁ ያለ ፍርድ እንዳትሄድ እንጥራለን። ዳኛን መስደብ፣ ደጋፊ ሰብስቦ ጠረጴዛ መክበብ ግን ቅሬታ አይባልም።

ወደ ሦስቱ መሰናክሎች ልመለስ።

ተማሪ ሆኜ እዚሁ ጎንደር አገር አቋራጭ ሮጬ ነበር። መንገዱ አንድ ባሕር ዛፍ ዞሮ ይመለሳል። ዛፉ ሥር መቆም የነበረበት ሰው አልነበረም። እኔ ዛፉን ሳልዞር አቋረጥኩ። ሦስተኛ ወጣሁ። ሽልማቱ አንድ ደርዘን ደብተር ነበር። እናቴ ደብተሮቹን አይታ እልል አለች። አራተኛ የወጣው ልጅ ዛፉን ዞሮ ነበር የመጣው። ባዶ እግሩን ነበር። ምንም አልተናገረም፤ ምናልባት አላየኝም። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ እነዚያን ደብተሮች በከፈትኩ ቁጥር እሱ ይታየኝ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ልነግረው ስፈልገው ቤተሰቡ ከተማ ቀይሯል። እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ስለዚህ ሦስቱ ጋ ስትደርሱ ይህን አድርጉ። ካለፋችሁ እለፉ። ካቃታችሁ ደግሞ አምባሩን ይዛችሁ እስከሚቀጥለው ዳኛ ሩጡና "እዚያ አልቻልኩም" ብላችሁ ስጡት። ዳኞች፣ እንዲህ ብሎ የመጣን ሰው በሁለት እጃችሁ ተቀበሉት። ስሙን ጻፉልኝ። መድረኩ ላይ ከአሸናፊዎቹ በፊት እጠራዋለሁ።

ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከጎሃ ኮረብታ በታች እንገናኛለን። ሩጫው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል። ቁርስ ቀደም አድርጋችሁ ብሉ።

አሁን በተመዘገባችሁበት ቁጥር እየጠራሁ አምባር አስራለሁ። ቀኝ እጃችሁን አዘጋጁ። ቁጥር 1፣ ነይ እናቴ።