ከተጣለ ኮክፒት (የአውሮፕላን አብራሪ ክፍል) የቤት ሲሙሌተር (የበረራ ማስመሰያ) ይወጣል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

«ከፒያሳ ነው የምደውለው። ክንፍም ሞተርም የሌለው ሴስና 172 የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ኮክፒት አግኝቻለሁ፣ ሽቦው ግማሹ ተቆርጧል። ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ይቻላል?»

በደንብ ይቻላል ወንድሜ! የተቆረጠው ሽቦ አያሳስብህ፣ ጭራሽ አትጠቀምበትም። አንተን የሚጠቅምህ እጅና እግርህ የሚነካው ነው፤ መሪው፣ ስሮትሉ (የሞተሩን ኃይል የሚጨምረውና የሚቀንሰው)፣ ፔዳሉ፣ ስዊቹ። የኋላውን ሽቦ አውጣና አርዱዊኖ ሜጋ የሚባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ግጠምለት። 54 ዲጂታልና 16 አናሎግ ፒን (የሽቦ መግጠሚያ) ስላለው ለሴስና ይበቃል። ሞቢፍላይት የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፣ ቦርዱን ከማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ወይም ከኤክስ-ፕሌን የበረራ ፕሮግራም ጋር ያግባባልሃል።

የሴስና ስሮትል የሚገፋና የሚሳብ ዘንግ ስለሆነ ጫፉ ላይ ተንሸራታች ፖቴንሽዮሜትር (እንደ ሬዲዮ ድምፅ መቆጣጠሪያ ያለ) እሰርለት። ስትገፋው ቦርዱ የሚያነበው ቁጥር ከ0 ተነስቶ እስከ 1023 ይሄዳል። እጅህ ቆሞ ቁጥሩ ወዲያ ወዲህ ከዘለለ ወይ አቧራ ገብቷል ወይ ሽቦው ላልቷል። ለመሪው ግን በማግኔት የሚሠራ የሆል ሴንሰር ይሻላል፣ የሚፋተግ ነገር ስለሌለው ቶሎ አያልቅም። መደገፊያ ብረቱን ምናለሽ ተራ ፈልግ፣ አዲስ መግዛት አያስፈልግህም።

«ሜክሲኮ አካባቢ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። የጄት መሣሪያዎችን 220ውን በትራንስፎርመር ወደ 115 ቮልት አውርጄ ላስነሳቸው?»

አደራ፣ እንዳታደርገው! ቮልቱ ብቻ አይደለም ችግሩ። የጄት 115 ቮልት በሴኮንድ 400 ጊዜ የሚመላለስ ነው፣ የኛ ግድግዳ ላይ ያለው 50 ነው፣ ትራንስፎርመር ደግሞ ቮልት እንጂ ፍሪኩዌንሲ አይቀይርም። ለ400 ኸርዝ የተሠራ መሣሪያ ውስጥ ያለው ብረት ትንሽ ነው፤ አውሮፕላን ላይ ክብደት እንዲቀንስ ታስቦ ነው እንዲህ የተሠራው። ለ50 ስትሰጠው መሸከም ያቅተዋል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። ፊቱንና መርፌውን አስቀርተህ ከጀርባ መርፌውን ደረጃ በደረጃ የሚያዞር ትንሽ ስቴፐር ሞተር ክተትበት፣ በ5 ቮልት ይዞርልሃል።

«ከአራት ኪሎ ነኝ። ልጄ የድሮ አውሮፕላን ጌጆች (ባለ መርፌ መለኪያዎች) ቤት አምጥቷል። ድሮ በጨለማ ያበሩ ነበር አሉ፣ አሁን አያበሩም። ያስፈራል?»

እናቴ፣ መጠየቅዎ ትክክል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠሩ ጌጆች ቁጥራቸው ብዙ ጊዜ በራዲየም ቀለም ነው የተቀባው። ብርሃኑ የጠፋው የሚያበራው ንጥረ ነገር ስላረጀ ነው፣ ጨረሩ ግን አለ፤ ራዲየም በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ልጅዎ መስታወቱን እንዳይከፍት፣ ቀለሙን እንዳይፍቅ። የተሰበረ ካለ አትንኩት፣ ጌጆቹንም መኝታ ቤት አታስቀምጡ። ጨረራን የሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት እስኪለካቸው ድረስ ሥራው ይቁም።

«ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። የቦይንግ 737 አፍንጫ ይገባልኛል?»

አይገባም። የ737 አካል ስፋቱ 3.76 ሜትር ነው፣ ደረጃውን ራሱ አያልፍም። ፓነሎቹንና መቀመጫዎቹን ብቻ ግዛ፣ ቅርፊቱን በኮምፖርሳቶ ሥራው። ለኮምፒውተሩ ደግሞ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ግዛለት፣ አለዚያ ለማረፍ ስትወርድ መብራት ይሄድብሃል።