ድምጹ አልቆ አፉ ገና ሲዘፍን

እንደምን አመሻችሁ። ስለ ስራ ህይወትህ አውራን ስባል የትኛው ስራ ብዬ ነው የጠየቅኩት፣ የምሬን ነው። ረዳት ኤዲተር ነበርኩ፣ ኤዲተር ሆንኩ፣ የዘፈን ክሊፕ ዳይሬክት አደረግኩ፣ ማስታወቂያ ቆረጥኩ፣ ዶክመንተሪ ሰራሁ፣ ገንዘብ ሲያጥር ሰርግም ኤዲት አድርጌያለሁ (ሰርግ እንዳትንቁ፣ ሁለተኛ ቴክ የሌለው ቀረጻ ነው)። ሰው ሁሉ "አንድ ቦታ ርጋ እንጂ" ይለኛል። እኔ ደሞ ከአንድ ወንበር የተነሳሁ አይመስለኝም።

የጀመርኩት ሲንክ በማድረግ ነው፣ ለየብቻ የተቀረጸውን ምስልና ድምጽ ማገጣጠም ማለት ነው። ክላፐሩ (ቀረጻ ሲጀመር ጧ የሚደረገው ሰሌዳ) የሚጋጭባትን ፍሬም፣ ማለትም አንዷን ቋሚ ምስል፣ ቪዲዮው ላይ ትፈልጋለህ፣ ድምጹ ላይ "ጧ" የምትለዋን ትፈልጋለህ፣ ታገጣጥማለህ፣ ቀጣዩ፣ ቀጣዩ፣ ቀኑን ሙሉ። ያሰለቻል። ግን ሌላው ሰው ሁሉ የሚዘለውን የምታየው አንተ ነህ፣ ከ"አክሽን" በፊትና ከ"ከት" በኋላ ያለውን። አንድ ፊልም ላይ ተዋናይቷ "ከት" ተብሎ፣ ትወናዋን ጨርሳ፣ በረጅሙ ተንፍሳ ወደ መስኮቱ ዞር ያለችበትን ለዋናው ኤዲተር አሳየሁት። ከለቅሶው ትዕይንት ቀጥሎ ገባ። እሷ ራሷ ፊልሙን ስታይ "ይሄን መቼ ነው የቀረጻችሁኝ?" አለች። ለካ ልጅቷ ምሳ ሰዓት ደርሶ እንደሆነ እያሰበች ነበር፣ ተመልካቹ ግን ሀዘን ነው ያየው። ኩሌሾቭ የሚባለው ሩሲያዊ ከመቶ ዓመት በፊት በሙከራ ያሳየው ነገር ነው፣ ያንኑ አንድ ፊት ከሾርባ ጋር ስታስቀምጠው የራበው ይመስላል፣ ከሬሳ ሳጥን ጋር ስታስቀምጠው ያዘነ፣ ፊቱ ግን ያው ነው።

ክሊፕ ዳይሬክት ወደ ማድረግ የገባሁት ቁርጤን ያየ ዘፋኝ "አንተው ቅረጸው" ስላለኝ ነው፣ እኔም ምን ከባድ ነገር አለው ብዬ። ዘፋኙ በስሎው ሞሽን እየሄደ ከንፈሩ ግን ከዘፈኑ ጋር እንዲገጥም ከፈለግክ በሰከንድ በ48 ፍሬም ትቀርጻለህ፣ ቀረጻ ቦታ ላይ ደሞ ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት ታጫውትለታለህ፣ ምስኪኑ ባቡር እንዳመለጠው ሰው እየተጣደፈ ይዘፍናል፣ በ24 ሲጫወት ረጋ ብሎ ሲሄድ ታየዋለህ። ይሄን አሪፍ አድርጌ ሰራሁ። የተበላሸው ቀላሉ ላይ ነው። በ25 የተቀረጸውን ሌላውን ሾት እኔ ፕሮጀክቱ ውስጥ እንደ 24 አድርጌ አስገባሁት። 4 ደቂቃ ዘፈን በ25 ማለት 6,000 ፍሬም ነው፣ ያንን በ24 ስታጫውተው 250 ሰከንድ ይሆናል፣ 10 ሰከንድ ረዘመ ማለት ነው። የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ምንም አይታወቅም፣ አዝማቹ ጋ ስትደርስ ድምጹ አልቆ አፉ ገና ይዘፍናል። ካሜራማኑን ደውዬ ጮህኩበት። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ያወቅኩት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው፣ ይቅርታ ለማለት ደሞ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ከዛ በኋላ ቀረጻ ላይ ስቆም ጭንቅላቴ ውስጥ ታይምላይኑ (ኤዲት ስታደርግ ሾቶቹ በተራ የሚደረደሩበት መስመር) ክፍት ነው፣ ይሄ ሾት ከየትኛው ጋር ነው የሚጋጠመው፣ ከየት ነው የምወጣው እያልኩ ነው የምቀርጸው። ይሄ የኔ ግኝት አይደለም። ሮበርት ዋይዝ የዳይሬክተሩን የኦርሰን ዌልስን ሲቲዝን ኬን፣ በፈረንጆቹ 1941 የወጣውን ፊልም፣ ኤዲት ያደረገ ሰው ነው፣ በኋላ በዳይሬክተርነት ሁለቴ ኦስካር ወሰደ። ሃል አሽቢም በኤዲቲንግ ኦስካር ከወሰደ በኋላ ነው ዳይሬክተር የሆነው። ዴቪድ ፊንቸር ፊልም ከመስራቱ በፊት የዘፈን ክሊፕ ነበር የሚሰራው። ኤዲተር ድምጽ ምን አገባው የሚል ካለ ደሞ ዋልተር መርች በአንድ ፊልም የኤዲቲንጉንም የድምጹንም ኦስካር ባንድ ምሽት ይዞ ሄዷል፣ በፈረንጆቹ 1997።

ክሊፕ ያበላሸብኝ ነገርም አለ፣ አልደብቅም። ቢት (የዘፈኑ ምት) በመጣ ቁጥር መቁረጥ ለምዶብኝ ወደ ፊልም ስመለስ ዝም ያለ ፊት አላስቀምጥ አልኩ፣ አንዱ ዳይሬክተር "ልጁን እንዲያስብ ፍቀድለት" ብሎኝ አራት ቁርጥ አስወጣኝ። ልክ ነበር። አሁን ሁለት ሰው ሲያወራ መጀመሪያ የማየው የሚሰማውን ሰው ነው፣ ክሊፕ ላይም ቢሆን የከበሮ መቺው ፊት አንዳንዴ ከዘፋኙ ይበልጥብኛል፣ ዘፋኞች ይሄን ሲሰሙ አይወዱም እንጂ።

በቃ ብዙ አወራሁ። ፕሮጀክተሩ ይሰራል ካላችሁኝ ያቺን 10 ሰከንድ የሳተችዋን ክሊፕ በፍላሽ ይዤ መጥቻለሁ። አዝማቹ ጋ ስትደርስ ከንፈሩን እዩልኝ።