ቁልቁለቱን ያሰበ መሐንዲስ

የተከበራችሁ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች፣ ረዳቶች፣ መካኒኮች፣ የአውቶሞቲቭ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ጥሪያችንን አክብራችሁ ከሐረርና ከአወዳይ ድሬዳዋ ድረስ የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

ዛሬ የምናስታውሰው ሰው ክሌሲ ካሚንስ ይባላል። ከመካከላችሁ ካሚንስ የሚለውን ስም የማያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ሞተር ላይ ተጽፎ ስታዩት ኖራችኋል። ከስሙ ጀርባ ያለውን ሰው ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም። እንዲህ ያለ ባለውለታ ሳይታወቅ መቅረቱ እኔን ያሳዝነኛል።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1888 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ትምህርቱ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ሙያውን የቀሰመው ብረት እያቀለጠ፣ ሞተር እየፈታና እየገጠመ ነው። ዊሊያም ኢርዊን ለሚባል የባንክ ባለቤት ሾፌርና መካኒክ ሆኖ ተቀጠረ፤ በ1919 ኮሎምበስ በምትባል ከተማ የሞተር ፋብሪካ ሲከፍትም ገንዘቡን ያወጣለት ይኸው አሠሪው ነበር። እዚህ የተቀመጣችሁ የጭነት መኪና ባለንብረቶች ይህን ልብ በሉልኝ፤ አንድ ባለሀብት የሾፌሩን እጅና አእምሮ አምኖ ገንዘቡን አወጣ፣ ፋብሪካው ለብዙ ዓመታት ትርፍ ሳያሳየውም ታገሠ።

የናፍጣ ሞተርን የፈጠረው ክሌሲ አይደለም። ያ ክብር የጀርመናዊው የሩዶልፍ ዲዝል ነው። የዲዝል ሞተር በ1897 ተሞክሮ ሲሳካ ግን ክብደቱ በቶን የሚቆጠር፣ ከመሬት ጋር የታሰረ ማሽን ነበር። በ1920ዎቹ ጀርመኖች የጭነት መኪና ላይ መግጠም ሲጀምሩ የአሜሪካ መንገድ ገና በቤንዚን እጅ ነበር። ክሌሲ ይህን ለመለወጥ ቆርጦ ተነሣ። በ1929 የገና በዓል ሰሞን የናፍጣ ሞተር በአንድ አሮጌ ፓካርድ የቤት መኪና ላይ ገጥሞ አሠሪውን አሳፍሮ ዞረ። በ1931 ደግሞ በናፍጣ የሚሠራ የእሽቅድምድም መኪና ኢንዲያናፖሊስ ላይ አስገብቶ የ500 ማይሉን ውድድር አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆም አስጨረሰ። በዚያው ዓመት ከኒውዮርክ እስከ ሎስ አንጀለስ በጭነት መኪና ሲጓዝ ለናፍጣ የወጣው ወጪ 11 ዶላር ከ22 ሳንቲም ነበር።

ጋዜጦች የጻፉት ይህንን ነው። እኔን እዚህ ያቆመኝ ግን በዚያ ዓመት ካሆን በሚባለው የካሊፎርኒያ ቁልቁለት ላይ የደረሰው ነገር ነው። ክሌሲና ሁለት ባልደረቦቹ ጭነት መኪናውን ይዘው ሲወርዱ ፍሬኑ ግሎ መያዝ አቃተው። ከታች መንገዱን የሚያቋርጥ የባቡር ሐዲድ አለ፤ ሐዲዱ ላይ ደግሞ ረጅም የዕቃ ባቡር እያለፈ ነው። መኪናው እየበረረ ሐዲዱ ጋ ሲደርስ የባቡሩ የመጨረሻ ፉርጎ ለጥቂት አለፈላቸው። ተረፉ።

ብዙ ሰው ከእንዲህ ያለ አደጋ ሲተርፍ ፈጣሪውን አመስግኖ መንገዱን ይቀጥላል። ክሌሲ ግን ጥያቄውን ከሃያ ዓመት በላይ ይዞት ኖረ። ዳገት ላይ ይህን ሁሉ ጭነት የሚጎትት ሞተር ቁልቁለት ላይ ለምን መያዝ ያቅተዋል?

ተማሪዎች፣ ምክንያቱን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ለሌሎቻችን ልናገረው። የቤንዚን ሞተር ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የአየር መግቢያው ስለሚዘጋ ራሱን በራሱ ይይዛል። የናፍጣ ሞተር እንዲህ ያለ መዝጊያ የለውም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ አየሩን ለማመቅ ብዙ ጉልበት ያወጣል፤ ነገር ግን የታመቀው አየር እንደ ተጨመቀ ሞላ (ስፕሪንግ) ተመልሶ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋውና ጉልበቱን መልሶ ለጎማው ይሰጠዋል። ስለዚህ መኪናው አይያዝም።

የክሌሲ መፍትሔ ሲሰሙት ቀላል ነው፤ እስኪገኝ ግን ዕድሜ ፈጀ። ፒስተኑ አየሩን አምቆ ጫፍ ሊደርስ ሲል የጭስ ማውጫውን ቫልቭ መክፈት! የታመቀው አየር ድም ብሎ ይወጣል፣ ተመልሶ የሚገፋ ነገር አይኖርም፣ ናፍጣም አይረጭም። ሞተሩ ለጊዜው ጉልበት ሰጪ መሆኑ ቀርቶ ጉልበት በሊታ ይሆናል። ቫልቩን በትክክለኛው ቅጽበት ማን ይክፈተው? ክሌሲ መልሱን እዚያው ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ላይ አገኘው፤ በራሱ ሞተር ላይ ናፍጣ መርጫውን የሚገፋው የካምሻፍቱ (እየዞረ ቫልቮችን የሚከፍተው ዘንግ) እንቅስቃሴ ሰዓቱ ለዚህ ተስማሚ ነበር። ይህን የሞተር ፍሬን የሠራው በ1955 ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። ጄኮብስ የተባለ፣ የመሰርሰሪያ ማሽን መንጋጋ በመሥራት የሚታወቅ ፋብሪካ በ1961 ለገበያ አቀረበው። ክሌሲ በ1968 አረፈ።

በእኔ ግምት ከሠራቸው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። የናፍጣው ቁጠባ ባለንብረቱን ጠቀመ፤ ይህኛው ግን የሾፌሩን፣ የረዳቱንና መንገድ ዳር የቆመውን ሰው ሕይወት ያተርፋል።

ድሬዳዋ ሆኖ ይህን የማይረዳ የለም። ከሐረርና ከቁልቢ በኩል የሚመጡት መንገዶች ደንገጎ ላይ ይገናኙና በጥምዝምዙ ወደ እኛ ይወርዳሉ። ከታች የቆመ ሰው የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ መኪናው ሳይደርስ ይደርሰዋል፤ ረዳቱ ጎማ ማቆሚያ ታኮ ይዞ ሲዘል፣ የፍሬኑ ታምቡር ሲጨስ ያያል። ለምን እንዲህ እንደሚግል ስሌቱን ልንገራችሁ። 40 ቶን የሚመዝን መኪና 100 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 100 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ያ ሁሉ ሙቀት ፍሬን ሸራ ላይ ብቻ ሲጫን ሸራው ምን ያድርግ?

ስለዚህ አደራ የምለው አለኝ። ባለንብረቶች፣ የሞተር ፍሬን ሲበላሽ «መኪናው ያለ እሱም ይሄዳል» ብላችሁ አትለፉት፤ መሄዱን ማን ጠየቀ፣ መቆሙ ነው እንጂ ጉዳዩ! አሽከርካሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ናፍጣ ለመቆጠብ ማርሹን ፎሌ አድርጋችሁ አትውረዱ። ማርሽ ውስጥ ያልገባ ሞተር ምንም ዓይነት ፍሬን ቢገጠምለት ጎማውን ሊይዝ አይችልም። ከባዱን ማርሽ ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ደንገጎ አናት ላይ ሳላችሁ አስገቡ።

አሁን ወደ ጓሮው እንለፍ። ተማሪዎቻችን የአንድ ሞተር ቴስታታ ፈትተው ጠረጴዛ ላይ አዘጋጅተዋል፤ ቫልቩ እንዴት እንደሚከፈት በእጃቸው እያዞሩ ያሳዩአችኋል። ከዚያ በኋላ መድረኩ በዚህ መንገድ ዕድሜያቸውን ለፈጁት አንጋፋ አሽከርካሪዎቻችን ነው። አመሰግናለሁ።