ልክን ማን ያስተምራል?

ክቡራን ወላጆችና መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣

በቋንቋችን «ልክ» የሚለው ቃል መጠንንም ትክክልንም ይናገራል። «የጫማህ ልክ ስንት ነው?» እንላለን፤ «ልክ ነሽ» እንላለን። እኔ ግን በልጅነቴ ቃሉን አዘውትሬ የሰማሁት በሌላ መልኩ ነበር፦ «ቆይ፣ ልክ አስገባሃለሁ!» ስለዚህ ልክ ማለት ከውጭ በቁጣ የሚመጣ ነገር ይመስለኝ ነበር። እንዳልሆነ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

በ16 ዓመቴ ለአንድ ትልቅ ፈተና ስዘጋጅ ሦስት ሌሊት በተከታታይ አልተኛሁም ማለት ይቻላል። ጎበዝነት ትጋትን ያለ ገደብ መጨመር ነው ብዬ አምን ነበር። በፈተናው ጠዋት ወረቀቱን ገለጥኩ፤ የማውቀው ሁሉ ጠፋብኝ። ከዚያስ? መጽሐፍ ዘጋሁ። ለወራት ትምህርቴን እርግፍ አድርጌ ተውኩት። ከሁለቱ ይበልጥ የጎዳኝ የቱ እንደሆነ ስትጠይቁኝ፣ ሁለተኛው ነው እላለሁ። የመጀመሪያው አንድ ፈተና ወሰደብኝ፤ ሁለተኛው በራሴ ላይ ያለኝን እምነት ወሰደ።

ዛሬ ብዙ ነገር ይታወቃል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ የእንቅልፍ ባለሙያዎች የሚመክሩት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ነው፤ አንጎል ቀን የተማረውን የሚያደላድለው በአብዛኛው ስንተኛ ነውና። ስሜታዊ ግፊታችንን የሚገታውና መዘዝን የሚመዝነው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ ብስለቱን የሚጨርሰው በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ አካባቢ ነው። እናንተ ወላጆች ይህን ልብ በሉልኝ። ልጃችሁ ከልክ ሲያልፍ ጠባዩ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል፤ መመዘኛው ገና እየተሠራ ነው።

ታዲያ እንዴት ይማራል? ብስክሌት መንዳት የተማረ ሰው መልሱን በአካሉ ያውቀዋል። ወደ ግራ ማዘንበል ስትጀምሩ እጃችሁ መሪውን ወደ ቀኝ መንጠቅ ይፈልጋል። ያ ይጥላችኋል። የሚያድናችሁ ወደምትወድቁበት ጎን በትንሹ ማዞር ነው፤ ያኔ ጎማዎቹ ተመልሰው ከሥራችሁ ይገባሉ። ጎበዝ ነጂ የማያዘነብል ሰው አይደለም። ሳያቋርጥ ያዘነብላል፤ ግን ማዘንበሉን ቶሎ ይሰማዋል፣ የሚያስተካክለውም በጥቂቱ ነው። እኔ በ16 ዓመቴ ያጣሁት ይህንን ነበር፤ መሪውን በሙሉ ኃይሌ ወደ ሌላው ጎን ነጠቅሁት።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ384 የተወለደው የግሪክ ፈላስፋ አርስቶትል መካከለኛው መንገድ ለሁሉም አንድ እንዳልሆነ አስተምሯል። ለአንድ ሰው አሥር እጅ ምግብ ቢበዛ፣ ሁለት እጅም ቢያንስ፣ ስድስት እጅ ለሁሉም ልክ ነው ማለት አይደለም፤ ለታወቀ የትግል ስፖርተኛ ያንሳል፣ ስፖርቱን ገና ለጀመረ ይበዛል። እናንተ ተማሪዎች የጓደኛችሁን ልክ አትዋሱ። እሷ በሁለት ሰዓት ጥናት የምትጨርሰው እናንተን ሦስት ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ እሱን የሚያዝናናው የስልክ ጨዋታ እናንተን እስከ ሌሊት ሊያስቀምጣችሁ ይችላል።

ወላጆች፣ ብስክሌት የሚያስተምር ሰው ኮርቻውን ይዞ አብሮ ይሮጣል። ለዘላለም ከያዘ ልጁ የራሱን ማዘንበል አይሰማውም፤ በመጀመሪያው ቀን ከለቀቀም ይሰብረዋል። ስለዚህ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ምረጡ፤ ስልክ ይሁን፣ የመኝታ ሰዓት ይሁን። ልጃችሁ ልኩን ራሱ ይወስን፤ ወረቀት ላይም ይጻፈው። ቅዳሜ አብራችሁ ተቀመጡና «እንዴት ሆነልህ?» በሉት። ከልክ አልፎ ከሆነ አትቆጡ፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ምን ያህል እንደሚቀንስ እሱኑ ጠይቁት። መልሱንም እስኪጨርስ ስሙት።

አመሰግናለሁ።