ቃላቱን አውቃቸዋለሁ፣ ሲያያዙ ግን አይገቡኝም

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፤ ብቻዬን ሆኜ ላካፍላችሁ የምፈልገው ሐሳብ አለኝ። የቻይና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንግሊዝኛ አንብቦ መረዳትን እንዴት እንደሚለማመዱና ልምምዱ የት ላይ እንደሚሰናከል ነው የማወራው። ርእሱ የራቀው ካለ ትንሽ ይታገሰኝ፤ መሐል ላይ አማርኛችን ራሱ ብቅ ይላል።

ዉሃን ከተማ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት በቆየሁበት ጊዜ የጎረቤቶቼ ልጅ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረችና በእንግሊዝኛ እንዳግዛት ወላጆቿ ጠየቁኝ። በዚያ አገር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የማታ ጥናቱን ጨርሶ ከትምህርት ቤት የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከምሽቱ አራት ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ የምንገናኘው እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር። ቦርሳዋን ከፍታ የመልመጃ ወረቀቶቿን ጠረጴዛው ላይ ስትዘረግፋቸው ብዛታቸው ያስደነግጣል። በቃላት እውቀት አትታማም፤ እኔ ያላሰብኩትን ቃል ሁሉ ከነትርጉሙ ትነግረኛለች። ችግሯን ግን በአጭሩ አስቀመጠችልኝ፤ «መምህር፣ ቃላቱን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፣ ሲያያዙ ግን አይገቡኝም» አለችኝ። ይህ የእርሷ ብቻ ሳይሆን በአገሩ ያሉ ተማሪዎች በየክፍሉ የሚያሰሙት እሮሮ እንደሆነ በኋላ ተረዳሁ።

ለማታውቁት ስለ ፈተናው ጥቂት ልበል። ጋኦካኦ የሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በየዓመቱ ጁን 7፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 30 ቀን ይጀምራል። የእንግሊዝኛው ተራ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ለመፈተን የተመዘገበው ሰው 13.42 ሚሊዮን ነበር። ጠቅላላ ውጤቱ በአብዛኞቹ ክፍላተ ሀገር ከ750 የሚታሰብ ሲሆን እንግሊዝኛ ከቻይንኛና ከሂሳብ እኩል 150 ነጥብ ይይዛል። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ከባህል አብዮቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1977 ፈተናው ዳግም ሲጀመር እንግሊዝኛ ለአብዛኛው ተፈታኝ ግዴታ አልነበረም፤ ሙሉ ክብደት ያገኘው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ዉሃን የምትገኝበትን ሁቤይን ጨምሮ ብዙ ክፍላተ ሀገር በሚጠቀሙበት የፈተና ወረቀት ላይ ንባብ 50 ነጥብ ይይዛል። በመጀመሪያ አራት ምንባቦች ከ15 ጥያቄዎች ጋር ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ ጥያቄ 2.5 ነጥብ ነው። አንደኛው ምንባብ አብዛኛውን ጊዜ ማስታወቂያ ወይም የጉብኝት መርሐ ግብር ነው። ወደ አራተኛው ሲደረስ ስለ ሳይንስ ወይም ስለ ማኅበራዊ ጉዳይ የሚከራከር ጠንካራ ጽሑፍ ይጠብቃል። የፈተናው ጠቅላላ ጊዜ 120 ደቂቃ ነው። ማዳመጡ፣ ክፍት ቦታ መሙላቱና ድርሰቱ ሁሉ በዚያ ውስጥ ስለሚሠሩ ለአራቱ ምንባቦች ከግማሽ ሰዓት ብዙም የማይዘል ጊዜ ነው የሚተርፈው። ብዙ ተፈታኝ ባለበት ክፍለ ሀገር ደግሞ በአንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ከሺህ በላይ ሰው ሊደረደር ይችላል። «አንድ ነጥብ ጨምር፣ ሺህ ሰው ትቀድማለህ» የሚል ይዘት ያለው መፈክር በተማሪው ዘንድ የታወቀ ነው። እንግዲህ 2.5 ነጥብ ምን ያህል ሰው እንደሚያስቀድምና ወደ ኋላ እንደሚያስቀር አስቡት።

በዚህ ጥድፊያ መሐል ብልሃት መፈለጉ አይደንቅም። መጀመሪያ ጥያቄውን አንብብ። ከጥያቄው ውስጥ ዋናውን ቃል አስምርበት፣ ያንኑ ቃል ምንባቡ ውስጥ ፈልግ፣ አጠገቡ ያለውን አንብበህ መልስህን አጥቁር። «ሁልጊዜ»፣ «በፍጹም»፣ «ብቻ» የሚል ምርጫ ከመጣ ጠርጥር። ከምንባቡ ቃል በቃል የተገለበጠ ምርጫ ወጥመድ ነው። አልፎ ተርፎ ሦስቱ አጭር ሆነው አንዱ ረጅም ከሆነ ረጅሙን፣ ሦስቱ ረጅም ሆነው አንዱ አጭር ከሆነ አጭሩን ምረጥ የሚል ግጥም መሰል ምክርም አለ። እኛም አገር ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስንዘጋጅ «ጥያቄውን አስቀድሙ» የሚለውን ምክር ሰምተን ነው ያደግነው፤ ስለዚህ ልጆቹን አልፈርድባቸውም። ብልሃቱ ከፊሉ ይሠራል፤ ጊዜም ያተርፋል። ችግሩ ልጅቷ የምታደርገው ቃል ማደን እንጂ ማንበብ አለመሆኑ ነው። መልሱን አግኝታም ምንባቡ ስለ ምን እንደነበር ስጠይቃት ብዙ ጊዜ ዝም ትል ነበር።

አንድ እሑድ ከወረቀቶቿ ራቅ ብለን የራሴን አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፍኩላት። በአማርኛ ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ ገበሬዎቹ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት እንዲደርሱ በእጃቸው የሠሩት መንገድ በአንድ ሌሊት በጎርፍ ተወሰደ። ከባድ ቃል የለበትም፤ ሁሉንም ከመካከለኛ ደረጃ ጀምሮ ታውቃቸዋለች። በጎርፍ የተወሰደው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት። ሳታመነታ «ትምህርት ቤቱ» አለች።

ለምን እንዲህ እንዳለች እንመልከት። እንግሊዝኛው «መንገዱ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ገበሬዎቹ በእጃቸው መሥራታቸውን ያስከትላል፣ ቀጥሎ ልጆቹ ትምህርት ቤት እንዲደርሱ መሆኑን ይጨምራል፣ መጨረሻ ላይ «ተወሰደ» ይላል። ትምህርት ቤቱና «ተወሰደ» ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መንገዱ ከማሰሪያ አንቀጹ ርቆ እዚያ ማዶ ቀርቷል። ቃል ለማደን የሠለጠነ ዓይን «ተወሰደ» የሚለውን ያገኝና አጠገቡ ያለውን ስም ይይዛል። አብቅቷል።

ያን ዕለት ማታ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ፤ የእርሷ መሰናክል የእኔም እንደነበረ ገባኝ። እኛ «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» እንላለን፤ መግለጫው ይቀድማል፣ መጽሐፉ ኋላ ይመጣል። ቻይናዊውም ልክ በዚሁ ቅደም ተከተል ትናንትን፣ መግዛቱን፣ ከዚያ መጽሐፉን ነው የሚጠራው። እንግሊዝኛ ግን መጽሐፉን አስቀድሞ ጠርቶ ስለ መጽሐፉ የሚለውን ኋላ ይከምራል። በአማርኛና በቻይንኛ የምናነብ ሰዎች መግለጫውን በልባችን ይዘን ስሙን እንጠብቃለን፤ ስሙ ሲመጣ ነገሩ ተጠናቀቀ። በእንግሊዝኛ ስሙን መጀመሪያ ተቀብለን፣ ሳንጥለው፣ ረጅም መንገድ ተሸክመነው መሄድ አለብን። ማሰሪያ አንቀጹ እስኪመጣ ድረስ ማለት ነው። እኔ ቻይንኛ ስማር በዚህ በኩል ለምን እንዳልተቸገርኩ ያን ጊዜ ነው የተገለጠልኝ። የቻይንኛው ፊደል አሰቃይቶኛል፤ የመግለጫው ሥርዓት ግን የቤቴ ነበር። በአንጻሩ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ የሚሰጠን እኛ ኢትዮጵያውያን የታሪክና የባዮሎጂ መጽሐፍ ስናነብ ስንት ጊዜ «ትምህርት ቤቱ ተወሰደ» ብለን አልፈን ይሆን?

የቻይና መምህራን ይህን ያውቁታል። ረጅምና አስቸጋሪ ዓረፍተ ነገሮችን ለይቶ መተንተን በክፍል ውስጥ የተለመደ ሥራ ነው። ባለቤቱን ያሰምሩበታል፣ ማሰሪያ አንቀጹን ይከብቡታል፣ የቀረውን በቅንፍ ያስገባሉ። መልካም ነው። ነገር ግን ትንተናው ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ከታየ በኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት እየተመለሱ የሚሠራ ነው። በፈተና አዳራሽ ውስጥ ያን ያህል ጊዜ የለም፤ በሕይወትም ማንም እንዲህ አያነብም። ስለዚህ እኛ ሌላ ነገር ሞከርን። ዓረፍተ ነገሩን በወፍራም ወረቀት ሸፍኜ ከግራ ወደ ቀኝ ጥቂት በጥቂት እገልጥላታለሁ። «መንገዱ» ብቻ ሲታይ፣ «አሁን ምን ያዝሽ? ምን ትጠብቂያለሽ?» እላታለሁ። «መንገድ ይዣለሁ፤ መንገዱ ምን እንደሆነ እጠብቃለሁ» ትለኛለች። ገበሬዎቹ ይመጣሉ። «አሁንስ?» «መንገዱን የሠራው ማን እንደሆነ አወቅሁ፤ ምን እንደሆነ ግን ገና ነው።» ልጆቹና ትምህርት ቤቱ ይመጣሉ። «ለምን እንደተሠራ አወቅሁ። አሁንም ገና ነው።» ከዚያ «ተወሰደ» ሲገለጥ ወንበሯ ላይ ቀና ብላ «መንገዱ!» አለች። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ትክክል ከመሆን የመጣ ብቻ አልመሰለኝም፤ ገበሬዎቹን ያየቻቸው ያን ጊዜ ነው። «ታዲያ ልጆቹ እንዴት ሊሄዱ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አነበበች የምለው ያንን ነው።

ዘዴው በመጀመሪያ በጣም አዝጋሚ ነው። አንዲት አንቀጽ የእሑዱን ሰዓት ግማሽ ትበላለች። እናቷ ፍሬ እየከተፈች ስታቀርብልን ወረቀቱን አየት ታደርጋለች፤ ከሌሎች ልጆች ኋላ መቅረቷ እንዳሳሰባት ፊቷ ያስታውቅ ነበር። አልፈርድባትም። በዚያ የመጨረሻ ዓመት መቀዛቀዝ የሚያስፈራ ነገር ነው። እኔ ግን አሁንም የማምነው ይህን ነው፤ አሥር ምንባብ ሠርቶ መልሱን ከማመሳከር፣ አንዱን ሠርቶ፣ ታርሞ ካለቀ በኋላ ተመልሶ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ማንበብ ይበልጣል። የታረመ ወረቀት ቁልል ውስጥ ይገባና ይረሳል፤ ትምህርቱ ያለው ግን እዚያ ነው። መልሱን አስቀድመን ስለምናውቅ ፍርሃቱ የለም፤ ለጽሑፉ ብቻ ጊዜ እንሰጣለን።

ፈተናውን ማውገዝ ቀላል ነው፤ እኔ አላወግዘውም። ለገጠር አውራጃ ልጅ ከእርሱ የተሻለ በር ማሳየት ይከብዳል። ከዚህም በላይ በእንግሊዝኛው ንባብ ላይ የማከብረው ነገር አለ፤ በጥቅሉ የመልሱ ማስረጃ ገጹ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 በጄጂያንግ ክፍለ ሀገር የቻይንኛ ፈተና ላይ አንድ አጭር ልብ ወለድ ቀርቦ ነበር። መጨረሻው ላይ ስለተጠቀሰችው ዓሣ ዓይንና እንግዳ ብርሃኗ ተማሪዎቹ ተጠየቁ። ከፈተናው በኋላ ልጆቹ ደራሲውን በኢንተርኔት ቢያጥለቀልቁት እርሱም መልሱን እንደማያውቅ ተናገረ። በእንግሊዝኛው ምንባብ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብዙም አይገጥምም። መንገዱ ነው የተወሰደው፤ ይህ ከማንም ስሜት ጋር አይለዋወጥም።

የእንግሊዝኛ ክብደት ይቀነስ የሚለው ክርክር በቻይና አዲስ አይደለም። ቤጂንግ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ150 ወደ 100 ለማውረድ ረቂቅ አቅርባ ነበር፤ ዛሬም 150 ነው። ስልኩ ይተረጉምልን የለም ወይ የሚሉም አሉ። ለሆቴልና ለገበያ እውነታቸውን ነው። ረጅም ክርክርን በልብ ይዞ እስከ መጨረሻው መከተልን ግን ስልክ አያስተምርም፤ ያ ችሎታ ቻይንኛውን ለማንበብም ያስፈልጋል።

ከፈተናው ክፍሎች ሁሉ የምወደው ከአራቱ ምንባቦች ቀጥሎ የሚመጣውን፣ የንባቡን ቀሪ ነጥብ የሚይዘውን፣ ሰባት ዓረፍተ ነገር ተሰጥቶ አምስቱ በየክፍት ቦታቸው የሚመለሱበትን ነው፤ ሁለቱ ትርፍ ናቸው። ቃል አዳኙ እዚህ መጠጊያ ያጣል፤ ምክንያቱም ትርፎቹም ስለዚያው ርእስ የሚናገሩ፣ የዚያኑ ጽሑፍ ቃላት የያዙ ናቸው። «ይሁን እንጂ» ከምን ጋር ይጋጫል? «ይህ» የተባለው የትኛው ነው? «እነርሱ» እነማን ናቸው? ልጅቷ በፊት ይህን ክፍል ትጠላው ነበር። በወረቀት መሸፈኑን ከለመደች በኋላ ግን ከሁሉ አስቀድማ እርሱን ማውጣት ጀመረች። አንድ ጊዜ ከትርፎቹ ዓረፍተ ነገሮች አንዷን ይዛ «ይቺ ጥሩ ናት፤ ቦታዋ ግን እዚህ አይደለም» አለችኝ። ከዚያ ለምን እንዳልሆነች በራሷ እንግሊዝኛ፣ እየተሰበረም ቢሆን፣ አስረዳችኝ።

መምህራን የሆናችሁ አድማጮቼ ወፍራሙን ወረቀት ብትሞክሩት ደስ ይለኛል። ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ምንባብ ጀምሩ፤ ማስታወቂያው ረጅም ዓረፍተ ነገር ስለማይበዛበት ለዚህ አይመችም። የማዳመጡ ክፍል የራሱ ብዙ ጣጣ ስላለው በሌላ ዝግጅት እመለስበታለሁ። እስከዚያው ደህና ሁኑልኝ።